ከፎቶ የተቀረጸው ቁልፍ

ሁለቱ እኅትማማቾች ከአንድ ማሕፀን ለመውጣታቸው ከእናታቸው ቃል በቀር ማስረጃ አልነበረም። ታላቂቱ ቃል ከአፏ ሲወጣ የሚያማት የምትመስል፣ ብረት ከሚያጣብቀው ሞርሳና ከብረት ብናኝ ጋር የተጋባች ቁልፍ ቀራጭ ናት፤ ሰፈሩም «ሞረድ» ብሎ ሰይሟታል። ታናሺቱ ስልኳን እንደ ስድስተኛ ጣት ከእጇ ላይ ያበቀለች ሣቂታ ስትሆን «ፍላሽ» ይሏታል። ሁለቱም በአባታቸው ጠባብ ቁልፍ ቤት ውስጥ፣ ክርን ለክርን እየተጓሸሙ ይውሉ ነበር።

አባትየው ዓይናቸው ደክሞ ሱቁን ከሁለት አንዷ ሊያስረክቡ ወስነዋል፤ ማን እንደሆነችም በእሑድ ምሳ ላይ ሊናገሩ ቀጥረዋል። ፍላሽ በማኅበራዊ ገጿ የምትለጥፈው ሰልፊ ደንበኛ እንዳመጣ አልካዱም። ድስት እሳት ላይ ጥደው በር የተቆለፈባቸው ጡረተኛ ነርስ እንኳ የሱቁን ስልክ ቁጥር ያገኙት ከፎቶዋ ሥር ነው። ቤታቸው ከቃጠሎ ተርፏል። አባትየው ግን ከደንበኛም በላይ የሚያጠብቁት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ባለቤቱ ያልፈቀደውን በር የከፈተ ከሱቁ ይወጣል። የገዛ ወንድማቸውን እንኳ የጎረቤት በር ለቀልድ ስለከፈተ አሰናብተውታል።

ሐሙስ ጠዋት ሞረድ ስልኳን ከእኅቷ አፍንጫ ሥር ደቀነች።

«ይህን ፎቶ አውርጂው።»

«ደሞ ምን ሆነ? አላማርኩም?»

«ከኋላሽ ያለውን የቁልፍ መስቀያ ሰሌዳ እይው። የፋርማሲስቷ የቤት ቁልፍ ከጆሮሽ ሥር ተንጠልጥሏል። ጥርሱን አንድ በአንድ እቆጥረዋለሁ።»

«ጉትቻ ነው በያቸዋ!» ፍላሽ ከት ብላ ሣቀች። «እትዬ፣ ሰው እኔን ነው የሚያየው። ቅናት ይዞሽ ነው እንጂ የቁልፍ ጥርስ የሚቆጥር ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

ቅናት ያለችው ቃል ሞረድን እስከ አጥንቷ ዘለቃት፤ ግማሹ እውነት ነበረና። የእኅቷን ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። ከሦስት ሳምንት በፊት ፍላሽ የራሷን ክፍል በተከራየች ቀን ቁልፉን ከጉንጯ ጋር አስተካክላ ይዛ፣ «የራሴ ቤት!» ብላ ለጥፋለች። ሞረድ ምስሉን አሰፋችው፤ ለካችው። ከዚያም ፍላሽ ሁለት እርምጃ ርቃ ፀጉሯን እያስተካከለች ፎቶ ስትነሣ፣ እዚያው ሞርሳው ላይ ቁልፉን ቀረጸችው።

ዓርብ ቀትር ላይ ሥራ ተጠራሁ ብላ ወጣች። ፍላሽ የተከራየችበት ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ ቁልፉን በሩ ውስጥ ከተተችው፤ ያዝ አደረጋት። ሁለት ጊዜ በሞረዷ ነካ ነካ አድርጋ ስትሞክረው ዞረ። ባልተነጠፈው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በዕድሜዋ የመጀመሪያውን ሰልፊ ተነሣች፤ ግማሽ ግንባር፣ አንድ የአፍንጫ ቀዳዳና ከኋላ የፍላሽ መጋረጃ። ያለ አንዳች ቃል ለእኅቷ ላከችላት። ደስ አላት። ደስታዋ ግን ደረጃውን እንኳ ወርዶ አልጨረሰም፤ ከሱቁ የተሰናበተው አጎቷ ትዝ አላት።

እሑድ ምሳ ላይ ፍላሽ ስልኩን ከሳህኖቹ መካከል ወረወረችው።

«አባዬ፣ ልጅህ ሌባ ሆናልሃለች!»

አባትየው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይህ የማን ግንባር ነው?»

«የልጅህ ነዋ» አሉ እናትየው። «አፍንጫው ደግሞ የእናትህ ነው።»

«ቤቴን ሰብራ ገብታ ነው! ተነሺ ስትባል እንኳ ፎቶ መነሣት አታውቅም!»

«አልሰበርኩም» አለች ሞረድ፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አንቺው በለጠፍሽው ቁልፍ ነው የገባሁት።»

ፍላሽ የራሷን ቁልፍ አውጥታ ከዚያኛው ጋር ገጠመችው። ጥርስ በጥርስ አንድ ሆነ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ያንን ፎቶ ስንት ሰው አይቶታል?» ጠየቁ እናትየው።

«አራት ሺህ» አለች ፍላሽ፤ ያንን ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

አባትየው ወደ ታላቂቱ ዞሩ። «አሳይተሻል፤ ልክ ነሽ። በሩን እንድትከፍቺ ግን ማን ፈቀደልሽ?»

ሞረድ እጇን በሽርጧ የምትጠርግ ይመስል ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ተነሣች።

«ማንም። ስለዚህ አባዬ ሳይፈርድብኝ ራሴው ልናገር። ከነገ ጀምሮ ቁልፋቸው በፎቶ የወጣባቸውን ሁሉ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ባለቤቶቹ ቆመው እያዩኝ የበራቸውን ቁልፍ እቀይራለሁ። አንቺም አብረሽኝ ትዞሪያለሽ፤ ፊትሽን ያውቁታልና ይቅርታውን አንቺ ትጠይቂያለሽ። የምንጀምረው ካንቺ በር ነው። የመጨረሻው በር ሲያልቅ፣ ሕጉ ሕግ ነውና፣ ሞረዴን ለአባዬ አስረክቤ እወጣለሁ። ሱቁ ያንቺ ነው።»

«ያለ ቀራጭ ምን ላድርገው?» ጮኸች ፍላሽ።

«ፎቶ ተነሺበት።»