ግማሽ ዙር ወደ ኋላ

ሌባው የሚስቴን የልብስ ስፌት መኪና ሲወስድ ጠረጴዛዋንና የብረት እግሯን ትቶልናል። ደግ ሰው ነው! ሰኞ ጠዋት ስንነሳ መስኮቱ ተገንጥሏል፣ መኪናዋ ተነቅላለች፣ እሁድ ለምታገባው የጎረቤት ልጅ የተቆረጠው ነጭ ጨርቅ ብቻ እንደተጣጠፈ ተቀምጧል።

ግልፍተኛ ነኝ፣ አልክድም። ብረት ይዤ ልወጣ ስል ሚስቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ሌባ ፍለጋ!»

«ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«እግዚአብሔር ያውቀዋል። ተቀመጥ።»

«ያ እግዚአብሔርሽ መስኮቱ ሲገነጠል የት ነበር?» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው!

«እዚሁ ነበር። ያንኮራፋኸው አንተ ነህ» አለችና መርፌዋ ላይ ክር አስገባች።

ቀሚሱን በእጇ ትሰፋው ጀመር። ለሙሽራዋ ቃል ሰጥታለች፤ ቃሏን ካጠፈች ደግሞ ከእንግዲህ ጨርቁን አምኖ የሚሰጣት የለም። እስከ ሐሙስ ጣቶቿ ተበሳስተው ግማሹ እንኳ አላለቀም። ያበገነኝ ግን መዝሙር ማንጎራጎሯ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የማልሰማ መስሏት፣ «ጌታዬ፣ አታሳፍረኝ» ስትል ሰማኋት። አንጀቴን በላችው።

የእኔ ሥራ የስፌት መኪና ጥገና ነው፤ ሱቄም ከቤታችን ራቅ ይላል። የሰውን ሁሉ መኪና ሳድን የሚስቴን «ነገ፣ ነገ» እያልኩ ሰባት ዓመት አሳልፌያለሁ። ስፌት ከመጀመሩ በፊት መዘውሯን በእጅ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ ካላዞሩላት ክር ትበጥሳለች። ሚስቴ አመሏን ስለለመደችው አትጨቀጭቀኝም።

ዓርብ ጠዋት አንድ ጎልማሳ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ሱቄ ገባ።

«ጌታው፣ ይቺ መኪና ክር እየበጠሰች መከራዬን አበላችኝ። ሦስት ሰው ሊገዛት ሞክሮ መለሰልኝ። ቶሎ ብለው ይዩልኝ።»

ጆንያውን ገለጥኩ። መዘውሯ ላይ ሚስቴ የምትይዝበት ቦታ ቀለሙ ለቋል። የእኛዋ ናት! ግማሽ ዙር ወደ ኋላ አዞርኩና ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞከርኳት፤ አንድም ክር አልተበጠሰም።

«ታዲያ ምን ሆና ነው?» አለኝ በመገረም።

«ባለቤቷ ናፍቃት ነው» አልኩና መዶሻዬን አነሳሁ።

እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ። ልከተለው ነበር። የሚስቴ ጣቶች ታወሱኝና መዶሻውን ጥዬ፣ መኪናዋን ታቅፌ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ሚስቴ ስታየን አለቀሰች፣ መኪናዋ ክር እየበጠሰች ሌባውን እንዴት እንዳሰቃየችው ስነግራት ደግሞ ሳቀች። «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፣ ያደርጋል እንጂ ነገር እንዳይጥም» አለች።

ቀሚሱ ቅዳሜ ከሰዓት አለቀ። እኔም ከደስታዬ ብዛት መፍቻዬን ይዤ ወደ መኪናዋ ተጠጋሁ።

«በቃ፣ ዛሬ እጠግናታለሁ።»

«እንዳትነካት! የመለሳት እኮ አመሏ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እጅህን የያዘልኝ ማን ይመስልሃል?»

ስንፍናዬ ነው ልላት ነበር። መፍቻዬን ኪሴ ከተትኩና አጠገቧ ተቀምጬ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ «ተመስገን» አልኩ። መስኮቱን ግን ለነገ አላልኩትም።