የማአታ አንገት

«ገና ሳይነገረው እኮ ነው ያለቀሰው» አለ ጎረቤትየው ሞሴሴ፣ ለስድስተኛ ጊዜ። የሚያወራው ከማዶ መንደር አሳማ ተሸክመው ለመጡ ለቀስተኞች ነው። «እሷ ውስጥ ነፍሷ ሲወጣ እሱ ውጭ መስኮቷ ሥር ቁጭ ብሎ ይነፋረቃል። ማን ነገረው? ደም ነዋ። የወንድም ደም።»

ለቀስተኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ወንድምየው ሎፔቲ ቀና አላለም። ጎደሬውን መላጡን ቀጠለ፤ ልጣጩ አልቆ ነጩን እየቆረጠ እንደሆነ እንኳ ልብ አላለም። የታጠቀው አሮጌ ሰሌን ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ደረቱ ይደርሳል። ለእህቱ የሚያዝን ወንድም ከሁሉ ሰፊውን፣ ከሁሉ የተበጫጨቀውን ነው የሚታጠቀው። ቦታውም ጓሮ ነው፣ የጉድጓዱ ምድጃ ጭስ ውስጥ። እንግዳ ከፊት ለፊት ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ ይጠጣል፣ ሴቶቹ አስከሬኑ ዙሪያ ይዘምራሉ፣ ወንድም ግን ወደዚያ ክፍል ዝር አይልም። ሎፔቲን ይሄ ሕግ እንደዛሬ ጠቅሞት አያውቅም። ፊቱ ሲቀላ ጭሱ ነው ይባልለታል፤ ካልሆነም ሐዘኑ። ሀፍረት ነው ያለ ሰው የለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚህ ደሴት ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ አንድ ክፍል አይቀመጡም። ቴሌቪዥን አብሮ ማየትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ድንገት መሳሳም ቢመጣ ፊታቸውን የት ይጥሉታል? ሎፔቲ ደግሞ ያላገባ ሽማግሌ ነው፣ ቤቱም ቴሌቪዥን የለም። ለእህቱ ለማአታ ግን ባሏ ሳይሞት ከዋና ከተማው ከኑኩአሎፋ በመርከብ አስመጥቶላታል። እና ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሎፔቲ «አሳማዎቼ ጠፉ» ብሎ ይወጣና እህቱ መስኮት ሥር ይደርሳል። አሳማዎቹ ቤታቸው ናቸው። መስኮቱ ሥር አንድ የኮኮናት ቁራጭ ግንድ አለ፤ ከመቀመጡ ብዛት ቂጡን መስሏል።

ከውስጥ የወንጀል ተከታታይ ፊልም አለ። ኢንስፔክተር ዶሪን ገዳይ ታሳድዳለች። እህት ከውስጥ ታያለች፣ ወንድም ከውጭ ያያል፣ አንዳቸውም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ሎፔቲ ዶሪንን ወደዳት። እንደ ሴት አይደለም። እንጃ፣ እንደ ሴትም ሳይሆን አይቀርም። ሻይዋ ሁሌ ቀዝቅዞ ነው የምትጠጣው። ሬሳ ባየች ቁጥር ኪሷ ውስጥ እጇን ትጨብጣለች፣ ቤቷ ስትገባም የሚጠብቃት ሰው የለም። አንድ ሰሞን በጩቤ ተወጋችና ፊልሙ እዚያው ላይ ሲቆረጥ ሎፔቲ እንቅልፍ አጣ። እሁድ ፓስተሩ «የምንጸልይለት ሰው ያለው» ሲሉ ብድግ አለ። ዶሪን የምትባል ፖሊስ ናት፣ ኦክላንድ ነው ያለችው፣ በጩቤ ተወግታ ተኝታለች ብሎ ተናገረ። ሕዝቡ ተንበረከከ። የሞሴሴ ሚስት እንባዋን ጠረገች። ከሴቶቹ በኩል አንድ «አሜን» ከሁሉ በላይ ወጣ፤ የማአታ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶሪን ስትነሳ ሎፔቲ ቆሞ ምስክርነት ሰጠ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ፓስተሩ ጭሱን በእጃቸው እየገፉ ወደ ጓሮ መጡ። ነገ ቀብሩ ላይ የሱን እንባ ሊሰብኩበት እንዳሰቡ ነገሩት። የዛሬ ልጅ የወንድምና የእህት ፍቅር አያውቅም፣ ይማርበት አሉ። ሎፔቲ ቢቀርብኝስ አላቸው። ትሕትና መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

«ሐውልት ብቻ ነው የቀረህ» አለው ሞሴሴ።

እህቱ የሞተችበትን የቅዳሜውን ነገር እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዶሪን በጥይት ተመትታ መጋዘን ውስጥ ወድቃ ነበር። ያኔ ነው ቤት ውስጥ ስኒ ወድቆ የተሰበረው። ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፣ እንደ ማንኮራፋት ያለ። ሎፔቲ ሰምቷል። ሰምቶም በሆዱ «አሁን ምን ስኒ መስበሪያ ጊዜ ነው» አለ። መግባት አይችልም። መጣራት ግን ይችል ነበር። ቢጣራ መስኮት ሥር መሆኑ ሊታወቅበት ነው፤ ዶሪን ደግሞ ዓይኗ እየተከደነ ነው። ንፍጡ እስኪወርድ አለቀሰ። የማአታ ልጅ ሴይኒ ከመዝሙር ልምምድ ተመልሳ ስትጮህ፣ ጎረቤት ሮጦ ሲመጣ፣ በዚያ እንባ አገኙት።

ሳይመሽ ሴይኒን ጓሮ አስጠራት። የእህት ልጅ በእናቷ ወንድም ላይ እመቤት ናት፤ አሳማውን ነድታ ብትሄድ ለምን አይላትም። እሷ ቆመች፣ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ያለቀስኩት ለእናትሽ አይደለም» አላት።

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለዶሪን።»

ስለ ስኒው ነገራት። ስለ ትንፋሹም። አንድ ነገር አልደበቃትም፣ «ምን ስኒ መስበሪያ ጊዜ ነው» ብሎ በሆዱ ያላትንም ጭምር።

«ብትጣራ ኖሮ ሰው ይደርስ ነበር» አለች ሴይኒ።

«አዎ።»

«ላትተርፍም ትችላለች። ግን ብቻዋን አትሞትም ነበር።»

«አዎ፣ ልጄ።»

ከውስጥ መዝሙሩ አልቆ ሌላ ተጀመረ። ትታው ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ ነው የተናገረችው።

«እማዬ ሁሌ አንገቴን አመመኝ ትል ነበር። በዘይት የማሽላት እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑን ወደ መስኮቱ አዙራው እሷ በጎን ነበር የምታየው። አስተካክዪው ስላት ብርሃን ይበዛብኛል ትለኛለች። ያንን ግንድ ማን እዚያ ያስቀመጠው መሰለህ?»

ሎፔቲ ሰሌኑን ወደ ፊቱ ሳበ።

«ለፓስተሩ አንተው ትነግራቸዋለህ» አለችው። «እኔ አልሸፍንልህም።»

ሄዶ ነገራቸው። ፓስተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ያቺ የጸለይንላት ዶሪን?»

«እሷው።»

ሊቆጡት ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። ፓስተሩ ግራ ቀኝ አይተው ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እና አሁንስ ተረፈች?»

«እንጃ። ጩኸቱ መጣ፣ መጨረሻውን አላየሁም።»

በማግስቱ ቀብሩ ላይ ስለ እንባ አንድ ቃል አልተነሳም። ወሬ ግን በር ቢዘጉበት በመስኮት ይወጣል። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ሞሴሴ ሰምቶ «የዶሪን ባል፣ እንጨት አቀብለኝ» አለው። ጓሮው በሙሉ ሳቀ። ሎፔቲ እንጨቱን አቀበለ። ስድቡ ቀለለው፤ የከበደውስ ሙገሳው ነበር።

እንጨት ፈለጠ፣ ድስት አጠበ፣ ጎደሬ ላጠ። ለማአታ ላልቅስ ብሎ ብዙ ጊዜ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ኋላ ሄዷል። እንባ እምቢ አለው። ለመጋዘኗ ሴት ንፍጥ እስኪወርድ፣ ለእናቱ ልጅ ጠብታ የለም። ይሄንን ለሴይኒም አልነገራትም።

በአሥረኛው ቀን ሐዘን ወጣ፣ ሰሌኑ ተፈታ። ሴይኒ ቴሌቪዥኑን በሁለት ሰው አሸክማ ሰደደችለት። ውሰደው አላለችም፤ «ይቀመጥልኝ» ነው ያለችው። አብሮ የማአታ መቀመጫ ምንጣፍ መጣ፤ ሻይ የፈሰሰበት ምልክት አለው።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሎፔቲ ቴሌቪዥኑን ጥግ ላይ ሰካ። ምንጣፉን ከፊቱ አነጠፈ፣ አጠገቡ አንድ ስኒ ሻይ አስቀመጠ። ቴሌቪዥኑን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዞረና ከምንጣፉ ጋር ፊት ለፊት አስተካከለው። የዶሪን ሙዚቃ ሲጀምር ወጥቶ በሩን ዘጋ። ግንዱን ጠዋት ከእህቱ ግቢ እያንከባለለ አምጥቶት ነበር፤ የገዛ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀመጠበት።

ከዚያ ሆኖ የሚታየው የዶሪን ግማሽ ፊት ነው፤ ለዚያውም አንገት ከተጠመዘዘ። ሎፔቲ አንገቱን ጠመዘዘ።