እርሳሴ ያልነካው ፊት

ልጄ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስተካክላ ስትጨርስ ሦስት አድራሻ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጻፈችና ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፈችልኝ። አንዱ የሥዕል ወዳጆች ድረ ገጽ ነው፣ አንዱ የሥነ ጽሑፍ፣ ሦስተኛው የፎቶግራፍ። «አባዬ፣ ከግድግዳ ጋር ከምታወራ ከሰው ጋር አውራ» አለችኝ። ግድግዳው ቢያንስ ነገር አይመልስም ልላት አሰብኩና ተውኩት። የመጣችው ለሁለት ቀን ነው፤ ለሁለት ቀን ከመጣ ሰው ጋር አይጣሉም።

በማግስቱ ወደምትሠራበት ከተማ ተመለሰች። ቤቱ እንደገና ጭር አለ፤ እኔም ከሦስቱ አድራሻዎች ጋር ቀረሁ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ሪታች ሠርቻለሁ። ለማያውቅ ላስረዳ። ዛሬ ሰው ስልኩን ነካ አድርጎ የሚያጠፋውን ቡግር እኛ በእጃችን ነበር የምናጠፋው፤ ያውም ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ኔጋቲቩ ላይ። ኔጋቲቩን ከሥሩ መብራት የበራበት መስታወት ላይ እናስቀምጥና ጫፉ እንደ መርፌ በተሳለ እርሳስ ጉድለቱን ነጥብ በነጥብ እንሞላዋለን። ከዚያ በኋላ ከዚያ ኔጋቲቭ የሚታጠበው ፎቶ ሁሉ የጸዳ ፊት ይዞ ይወጣል። የሰውዬው የድሮ ፊት ግን የትም አይገኝም። ወደ ኋላ መመለሻ የሌለው ሥራ ነው።

ሰፈርተኛው «አሳማሪው» ይለኝ ነበር። ልጄም ሦስቱም ድረ ገጽ ላይ በዚሁ ስም አስመዘገበችኝ።

የሥዕሉን በሦስት ቀን ጠገብኩት። አንድ ሰውዬ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ቀብቶ «ዝምታ፣ ቁጥር አራት» ብሎታል። ከቁጥር አንድ እስከ ሦስት ያሉትን ፈልጌ አየኋቸው፤ እነሱም ቀይ ናቸው። ሥነ ጽሑፉ ሰፈር ደግሞ አንዲት ልጅ አርባ ገጽ ልብ ወለድ ከለጠፈች ደቂቃ ሳይሞላ «ግሩም ነው፣ አስለቀስሽኝ» የሚል አስተያየት ይጎርፍላታል። አርባ ገጽ በአንድ ደቂቃ ያነበበ ሰው ለማልቀሻ ጊዜውን ከየት አመጣው? ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር እነዚህን ልጆች አንድ በአንድ ታነብላቸው ነበር። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ ሥራዋ ላይ ያነበበችው አልበቃ ብሏት በብብቷ መጽሐፍ ይዛ ነው የምትወጣው።

ሦስተኛው ጋ ስደርስ ግን ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። በሺህ የሚቆጠር የሰው ፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ እቀመጥና ማንም ሳይጠይቀኝ ምክር አድላለሁ። ለአንዱ የአገጭህ ጥላ ከብዷል፣ ለአንዷ ግንባርሽ ያብለጨልጫል እላለሁ። አብዛኛው ሰው «እናመሰግናለን አባት» ይላል። አንዳንዱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፈኛል። የሆነው ሆኖ ከሰው ጋር ማውራት ነው፤ ልጄም በስልክ ስትጠይቀኝ ወዳጅ አፍርቻለሁ እላታለሁ።

አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት ራሷን ያነሳችውን ፎቶ ለጠፈች። ከቅንድቧ ተነስቶ ጉንጯ ድረስ የሚወርድ ጠባሳ አላት። «ብርሃኑ ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩላት፤ «ጠባሳው ግን ዓይን ይስባል። በቀላሉ ይጠፋል፣ ከፈለግሽ እኔ ላሳይሽ።»

ሻዬን ሳልጨርስ መለሰችልኝ። «ጌታዬ፣ ስለ ብርሃኑ አመሰግናለሁ። ጠባሳው ግን ፊቴ ነው። እሱን ያላየ ሰው እኔን አላየኝም።»

ደሜ ፈላ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኔም እንጀራ ያበላኝን ሙያ ማንም እንዲያጣጥልብኝ አልፈልግም። የሚገባትን መልስ ልጽፍላት ጣቴን አዘጋጀሁ። ምን ያህል ሰው በኔ እጅ እንዳማረ ልነግራት ነው። ለምስክርነት ግድግዳው ላይ ወዳሉት የባለቤቴ ፎቶዎች ቀና አልኩ፤ ከነሱ የተሻለ ሥራ የለኝም።

አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱንም የተነሳችው እኛው ፎቶ ቤት ነው፣ አሥራ አንዱንም ሪታች ያደረግኩት እኔ ነኝ። የመታወቂያዋን ሳይቀር አልማርኩትም። ከሞተች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት፤ ሰው ሁሉ በስልክ ፎቶ የሚያነሳበት ዘመን ላይ አልደረሰችም። ከላይኛው ከንፈሯ ከፍ ብሎ ጥቁር ነጥብ ነበራት፣ ማርያም የሳመቻት የሚሉት ዓይነት። ከአሥራ አንዱ በአንዱም ላይ የለም። በየትኛው በኩል እንደነበረ ላስታውስ ሞከርኩ። አቃተኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እሷን ራሷን ጠራኋት፤ የመጣችልኝ ግን ፎቶዋ ናት። እርሳሴ እንዳለሰለሳት፣ ቆዳዋ እንደ ሰም ጸድቶ።

ለወጣቷ ምንም አልጻፍኩላትም። ለልጄ ደወልኩ።

«እናትሽ ከከንፈሯ በላይ ነጥብ የነበራት በየት በኩል ነው?»

«ነጥብ ነበራት እንዴ?»

እናቷ ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር። ምን ታስታውስ?

«ነበራት። አፏ ዳርና ዳር ደግሞ ስትስቅ የሚገቡ ሁለት መስመሮች ነበሩ። አንድ ዓይኗም ከሌላኛው ያንስ ነበር።»

«እኔ ያለኝ ፎቶ ላይ እኩል ናቸው።»

«እኔ ነኝ እኩል ያደረግኳቸው።»

«ታዲያ አባዬ፣ እኔ የማውቃት እማዬ ማን ናት?» አለች። ሳቅ ብላ ነው ያለችው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ልጄ ግን የማታውቃት እናቷ ትናፍቃታለች፣ ከሳቋ ሥር ይሰማኛል። ስልኩን ዘጋሁ። አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ስትቀበር ሁለተኛውን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔው ነኝ አልኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም ምክር መስጠት ተውኩ። ድረ ገጹ ላይ ሰዎች የድሮ የጎዳና ፎቶዎቻቸውን የሚለጥፉበት ክፍል አለ። እዚያ ገብቼ የፎቶ ቤታችንን መንገድ፣ የቤተ መጻሕፍቱን መንገድ፣ እሷ የምትሄድበትን ሁሉ መፈለግ ጀመርኩ። ለሌላው ሰው ፎቶው ሕንፃ ነው፣ ሰልፍ ነው፣ የድሮ መኪና ነው። እኔ የማየው ከኋላ የሚያልፉትን ነው። ከአንድ ሰው ትከሻ ጀርባ ግማሽ ፊቷ ቢገኝ ይበቃኛል። መጀመሪያ ቀን የሙያ አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ስክሪኑ ላይ ደፋሁት፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ አየሁ። ለራሴ ሳቅኩ። አብሮኝ የሚስቅ ሰው ስለሌለ ሳቁ ቶሎ አለቀ።

በአራተኛው ሳምንት አገኘኋት።

የለጠፈው ሰው ራሱን «ጡረተኛው ፖስተኛ» ብሎ ነው የሚጠራው። ከፖስታ ቤቱ ፎቅ ላይ ሆኖ መንገዱን ወደ ታች ያነሳው ነው። ከማዶ የኛ ፎቶ ቤት በር አለ፤ በሩ አጠገብ በብብቷ መጽሐፍ የያዘች ሴት ቆማለች። ፊቷ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም፤ አቋቋሟ ግን የሷ ነው። ከንፈሯ አካባቢ ጠቆር ያለ ነገር ይታያል። እኔ ግን ካሜራ ውስጥ ፊልሙ ላይ ያረፈ አቧራ በፎቶ ላይ ጥቁር ነጥብ እንደሚተው ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ይሄ አቧራም ሊሆን ይችላል።

«ኔጋቲቩ ካለዎት» ብዬ ጻፍኩለት፣ «ሴትዮዋን ብቻ አቅርበው ይላኩልኝ። እባክዎ ምንም አይንኩ፤ ሳይጸዳ፣ ሳያምር፣ እንዳለ።» ይህን የጻፈው እጅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲነካካ የኖረው እጅ ነው።

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። «ወንድሜ፣ ኔጋቲቩ አለ። የዚያን ቀን አዲስ ካሜራ ገዝቼ ብርሃን እየሞከርኩ ስለነበር ከዚያው መስኮት ሦስት ጊዜ አንስቻለሁ፤ ሰዓቱንም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። አሁን ሳየው ሴትዮዋ ሦስቱም ላይ አለች። ዘመድዎ ናት?»

«ባለቤቴ ናት» አልኩት። ነበረች ማለት ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሁለት ቀን ቆይቶ ሦስቱንም ላከልኝ። የመጀመሪያውን ስከፍት ነጥቡ አለ። በግራዋ በኩል ነው፣ ከአፏ ጥግ ከፍ ብሎ። ሁለቱም መስመሮች አሉ፣ የምታንሰው ዓይኗም አለች። ብቻዬን ቤት ውስጥ «በግራ ነው፣ በግራ ነው» እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መጽሐፉን ገልጣ እያነበበች ፈገግ ብላለች። ሰውዬው ከሥሩ «አሥር ሰዓት» ብሎ ጽፏል።

ሁለተኛው ላይ «አሥር ሰዓት ከአርባ» ይላል። መጽሐፉን ዘግታ በብብቷ ይዛዋለች፤ ግድግዳውን ተደግፋለች።

ሦስተኛው «አሥራ አንድ ተኩል» ነው። መንገዱ ላይ ጥላው ረዝሟል። አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ በሌላው ላይ አሳርፋ በሩን ታያለች። ፊቷ ላይ ያለውን ብዙ ጊዜ አየሁት። ቁጣ አይደለም። ሰው ማንም አያየኝም ሲል የሚተወው ፊት ነው፤ የደከመው፣ ብቻውን የሆነ ፊት። አሥር ዓመት በትዳር ኖረን ይህን ፊት አይቼው አላውቅም።

የፎቶ ቤቱ ጌታ አቧራ ይዘው ይገባሉ ብሎ ሰው ወደ ሪታች ክፍሉ አያስገባም ነበር። ስለዚህ ከሥራዋ ወጥታ በር ላይ ትቆየኛለች፣ አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን። አሥር ሰዓት ላይ መውጣት እችል ነበር። ግን ሁልጊዜ አንድ ፊት ይቀረኛል፤ የማላውቃት ሙሽራ ጉንጭ፣ የማላውቀው ሹም ግንባር። ስወጣ «ብዙ ቆየሽ?» እላታለሁ። «አሁን መድረሴ ነው» ትለኛለች፣ ፈገግ ብላ። ማመኑ ስለሚቀለኝ አምናታለሁ።

ለልጄ የቱን እንደምልክ ሳስብ ዋልኩ። የመጀመሪያው ቆንጆ ነው፤ እናት፣ መጽሐፍ፣ ጥሩ ብርሃን። እሱን ብቻ ልኬ ሌሎቹን ብተዋቸው ማንም አያውቅብኝም። ጣቴን አዝራሩ ላይ አድርጌ ቆየሁና ይሄም ያው የድሮ ሥራዬ እንደሆነ ገባኝ። ሦስቱንም ከነሰዓታቸው ላክሁላት።

ወዲያው ደወለች። «ዓይኗ የኔ ዓይን ነው» አለች፤ «ትንሿ። እኔ ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም ነበር እኮ።» አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ነጥቡን አየሽ አልኳት፣ አየሁ አለች። አንዱን ፎቶ ከፍታ ሌላውን ስትዘጋ ይታወቀኛል።

«አባዬ፣ ማንን ነው እንዲህ የምትጠብቀው?»

አውቶቡስ ልላት እችል ነበር። መንገዱ ላይ ፌርማታ አለ፣ ፎቶው ላይም ይታያል።

«እኔን» አልኳት።

«አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ?»

«ይሄ ሰውዬው ካሜራውን የሞከረበት ቀን ነው» አልኳት። «የሌላውን ቀን አላውቅም።»