ከሰባ አንድ ወደ ሃያ ሁለት

ጠራዡ የመጽሐፍ ጀርባ በማጣበቅ የሚስተካከለው የለም፤ የራሱን ጉልበት ማጣበቅ ግን አቃተው። ሐኪሙ «አንዴ ከወደቅክበት ቀሪ ዕድሜህን በምርኩዝ ነው የምትሄደው» ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶታል። እሱም ወረቀቱን ካልሲዎቹ ስር ሸጉጦ፣ ለእሁዱ የዋንጫ ጨዋታ ጓንቱን አጠበ። አሥራ አንድ ዓመት የማተሚያ ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ሆኖ ዋንጫ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ጉልበት ሁለት ነው፣ ዋንጫ አንድ፤ ሂሳቡ ይኸው ነው።

ወረቀቱን ካልሲ የምታጣጥፈው ሚስቱ አገኘችው። እዚያው ማተሚያ ቤት አራሚ ናት፤ የሰው ስህተት ለማረም ደመወዝ ይከፈላታል፣ የባሏን በነፃ ብታርም ግን ሰሚ አጣች። «ተው» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ይባስ ብሎ ለማንም እንዳትናገር በልጆቻቸው አስማላት።

በዚያው ሳምንት የኮምፒውተር ባለሙያው፣ «ጠንቋዩ» የሚሉት፣ የትንበያ ገበያ ከፈተ። ገንዘብ የለበትም፤ ለየሠራተኛው አንድ ሺህ ነጥብ ታደለ። «እናሸንፋለን» የሚለውን ድርሻ የገዛ፣ ቡድኑ ካሸነፈ በየድርሻው መቶ ነጥብ ያገኛል፤ ከተሸነፈ ባዶ እጁን ይቀራል። «አናሸንፍም» የሚለው ደግሞ ግልባጩ ነው።

«የ‹እናሸንፋለን› ዋጋ ሰባ አንድ ከሆነ፣ የማሸነፍ ዕድላችን ከመቶ ሰባ አንድ ነው ማለት ነው» አለ ጠንቋዩ። «የሚያውቅ ሰው ሲገዛ ዋጋው ይናገራል።»

የሚያውቅ ሰው! የምሳ ሰዓት እንኳ በቅጡ በማይታወቅበት ቤት።

ዓርብ ጠዋት ዋጋው ሰባ አንድ ነበር። አንድ ስሙ የማይታይ ሰው ነጥቡን በሙሉ «አናሸንፍም» ላይ አፈሰሰና ስልሳ ገባ። ከዚያማ ሰው ሲሮጥ ያየ ለምን ብሎ ይጠይቃል? ሁሉም ተከትሎ ሮጠና ከምሳ በፊት ሃያ ሁለት ደረሰ። ጠራዡ ላብ በላብ ሆነ። የሰዉን ጥርጣሬ ያበረደ መስሎት የራሱን አንድ ሺህ ነጥብ «እናሸንፋለን» ላይ ጣለ። ዋጋው ሃያ አምስት ብሎ ቆመ።

አሰልጣኙ የመጋዘን ኃላፊው ነው። ሐኪም አያምንም፣ ሚስቱን አያምንም፣ ስክሪን ግን ያምናል።

«እሳት በሌለበት ጭስ የለም!» ብሎ ተጫዋቾቹን ኮሪደር ላይ ደረደራቸው። «ቁጭ፣ ብድግ!»

ሁሉም ተነሡ። ጠራዡ እንደተቀመጠ ቀረ።

«የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነው» አለ።

ጫማው ክር አልነበረውም።

በእሱ ፈንታ የማተሚያ ቤቱ ሾፌር በረኛ እንዲሆን ተወሰነ። ወሬው እንደተሰማ ዋጋው ተተኮሰና ሰማንያ ሦስት ገባ፤ ጠራዡ ጤነኛ ነው ተብሎ ሲታመን ከነበረው እንኳ አሥራ ሁለት ይበልጣል። ለአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎት የተሰጠው የምስጋና ደብዳቤ ይህ ነው። ከጉልበቱ ይልቅ ይህ አመመው።

እሁድ ቡድኑ ሁለት ለባዶ አሸነፈ። ሰኞ ጠንቋዩ የገበያውን ውጤት ሦስተኛ ፎቅ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። አንደኛ ማን ይሁን? ሰው ሁሉ ሲሸሽ በርካሽ የገዛው ጠራዡ! የሻይ ብርጭቆ የምታክል የፕላስቲክ ዋንጫ ተሰጠው። ዋንጫውን ጨብጦ ዝርዝሩን እስከ ታች አነበበው። መጨረሻ ላይ፣ በባዶ ነጥብ፣ የሚስቱ ስም ተጽፏል፤ ከጎኑም «ዓርብ ጠዋት፣ ‹አናሸንፍም›ን በሙሉ ነጥቧ መጀመሪያ የገዛች» ይላል። ክው አለ።

«አንቺ ነሽ?»

«እንዳትናገሪ ብለህ አስማልከኝ። አልተናገርኩም፤ ገዛሁ።»

«ነጥብሽ ግን ሁሉም ጠፋ።»

«ይጥፋ! አንተ በሁለት እግርህ ቆመህ ዋንጫ ተቀበልክ አይደል? እኔ ስለፈልፍ የከረምኩትን፣ ቁጥር አንድ ቀን ቢናገር ቤቱ በሙሉ ሰማው። ከእንግዲህ እኔም በቁጥር ነው የማናግርህ።»

አፈረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን ወንድነቱ ደግሞ አለና፣ ዋንጫውን ብብቱ ስር አድርጎ «በደረጃው እንውረድ» አላት።

አየችው፣ ጉልበቱን አየችው።

«ከመቶ ስምንት» አለች።

ጠራዡ የአሳንሰሩን ቁልፍ ተጫነ።