የሌለችው አክስት

የሆስፒታሉ ግንባታ ፎርማን ሰው ማመስገን አይወድም። ስለዚህ ልጅቷ ለሙከራ የለጠፈችውን ሴራሚክ በመዳፉ ዳብሶ፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አይቶ፣ “ምንም አይልም” ሲላት ሥራው የእሷ እንደሆነ ቆጠረችው።

“የማን ቤት ልጅ ነሽ?” አላት።

በጣቷ አሳየችው። ቤታቸው ከሳይቱ አጥር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ቁፋሮው ከተጀመረ ወዲህ አቧራውን ሲጠግቡ የከረሙት፣ ያጠቡትን ልብስ መልሰው የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። ደንቡም የወጣው ለእንደነሱ ያለ ቤት ነው፤ መንግሥት በሚያሠራው ሕንፃ ላይ ቅድሚያ ለአካባቢው ሰው፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው። ይህን ሰምታ ነው በሌላ ከተማ ሙያዋን ተምራ እንደጨረሰች የትም ሳትል ወደ ቤቷ የመጣችው።

ፎርማኑ ቤቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። “ከዚያ ቤትማ ሰው ገብቷል።”

“ማን?”

“ግንበኛው ነዋ። የአባትሽ የእህት ልጅ።”

“አባቴ እህት የለውም።”

“እሱን ከአባትሽ ጋር ተነጋገሩ። እዚህ ቆመው ‘የእህቴ ልጅ ነው፣ እኔ ዘንድ ነው የሚኖረው’ ብለው የመሰከሩት እሳቸው ናቸው” አለና አሸዋ ወደሚያራግፈው መኪና ሄደ።

አባቷን ሰፈሩ “አባ ይሁን” ይላቸዋል። ስሙ ልክክ ብሎባቸዋል። መሰላል ወስዶ ያልመለሰ ጎረቤት መዶሻ ሊዋስ ሲመጣ፣ ይሁን። በሳምንቱ እግሩ የተነቀለ ወንበር የሸጠላቸው አናጺ ሌላ ልሥራልዎት ሲላቸው፣ ይሁን። “እሺ ይበልጣል ከሺህ” ይላሉ፤ እሺ ያሉት ነገር ማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ግን አንድ ቀን አስበው አያውቁም። ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እናቷ ላይ ነበር። አሁን ተራው የእሷ ሆነ።

ቤት ስትደርስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይፈታታሉ።

“አባዬ፣ እህት አለችህ እንዴ?”

ብሎን መፍቻውን አስቀመጡት። ለመዋሸት እንኳ አልሞከሩም።

“ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። ከሳይቱ በር ላይ ስንት ቀን ሲመልሱት አየሁት። ሁለት ልጆች አሉኝ አለኝ። አንቺ ደግሞ ትምህርት ላይ ነበርሽ፤ ቦታው ባዶውን ከሚቀመጥ...”

“ባዶ አልነበረም። የእኔ ነበር።”

“ቶሎ ትመጫለሽ ብሎ ማን አሰበ? ደግሞ እንለምናቸዋለን፤ እነሱም ሰው ናቸው።”

እናቷ እጃቸውን እያደረቁ ከጓዳ ወጡ። “እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዓመት የባል እህት የሌለበት ቤት ገባሁ ብዬ ስኮራ ኖርኩ” አሉ። “ለካ አለችኝ። ያውም ልጅ አድርሳ። ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ማለት ይኼ ነው።”

ልጅቷ አልሳቀችም። ክፉ አባት ቢኖራት ምንኛ በቀለላት፤ ክፉ አባት ላይ ይጮኻል፣ በር በርግዶ ይወጣል። ደግ አባት ላይ ምን ይደረጋል? ለባዳ እንዲህ የሚራራው ልብ ለልጁ ሲሆን የት እንደሚሄድ ልትጠይቃቸው አሰበች፤ ብትጠይቃቸው እንባቸው እንደሚመጣ ስለምታውቅ ተወችው። መተዋም አናደዳት።

“ነገ አብረን እንሄዳለን” አለች። “ዘመዴ አይደለም ትላለህ።”

“ሰው ፊት?”

“የመሰከርከውስ ሰው ፊት አይደለም?”

“ይሁን” አሉ አባቷ።

በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፤ ትልቅ ጉዳይ ካልሆነ ከቁም ሳጥን የማይወጣውን። ፎርማኑ ግንበኛውን አስጠራው። ሰውየው እስከ ክርኑ ሲሚንቶ ለብሶ መጣ፤ አባቷን ሲያይ ፊቱ በራ፣ ከአጠገባቸው ልጅቷን ሲያይ ደግሞ ጭልም አለ። “ጋሼ፣ እንደምን አደሩ” ብሎ እጁን በሱሪው ላይ እየጠራረገ ቆመ።

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ይኼ ልጅ እንግዲህ... እውነቱን ለመናገር...”

“አባት፣ ከመናገርዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት” አለ ፎርማኑ። “ሰሞኑን ሁሉም እየመጣ ዘመዴ ያልኩት ዘመዴ አይደለም ይለኛል። ሲጣሉ ዝምድናው ይፈርሳል፣ ሲታረቁ ይገነባል፤ እኔ ደግሞ የምገነባው ሆስፒታል ነው። የሰፈራችሁ ኮሚቴ ሰልችቶት ቁርጡን ነግሮኛል። ዘመድዎ ከሆነ ይሠራል፤ የቤትዎ ድርሻ እሱ ነው። ካልሆነ በሐሰት መስክረዋል ማለት ነው፤ እሱም ይወጣል፣ ከቤትዎም ሥራው እስኪያልቅ ማንም አይገባም። እንግዲህ ያስቡበት።”

“እኔስ?” አለች ልጅቷ።

“አንቺ በሁለቱም የለሽበትም።” በክፋት አልነበረም የተናገረው። እንዲያውም ትናንት የሠራችውን ግድግዳ ዘወር ብሎ አየው። “እጅሽ ያስቆጨኛል። ግን ደንብ ነው።”

ደንብ። የአካባቢው ሰው እንዳይገፋ ተብሎ የወጣው ደንብ የአካባቢውን ሰው ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይገፋል፤ ይህም ደንብ ነው ይባላል። የምትጮኽበት ሰው ፈለገች። ፎርማኑ ታዛዥ ነው፤ ኮሚቴው እዚህ የለም፤ ግንበኛው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። የቀሩት አባቷ ናቸው።

አባቷም እሷን እያዩ ነበር። “አንቺ እንዳልሽ” አሉ በቀስታ። “ተናገር ካልሽኝ እናገራለሁ። አፍራለሁ እንጂ አልሞትም።”

አይ ዕድል። አባቷ በዕድሜያቸው አንዴ እምቢ ሊሉ ቆርጠው መጡ፣ እምቢታቸው ለማንም የማይጠቅምበት ቀን ላይ ደረሱ። ዝም በል ብትላቸው ውሸቱ ይጸናል። ተናገር ብትላቸው የሁለት ልጆች አባት ዛሬውኑ ጓዙን ይሸክማል፤ እሷም ያው ባዶ እጇን ናት። ለአፍታ፣ ይውጣ፣ ሁላችንም እንጣ ብላ ተመኘች። ከልቧ ነው የተመኘችው።

“የአክስቴ ልጅ ነው” አለች ለፎርማኑ።

ፎርማኑ ሌላ ቃል ሳይጨምር ወደ ሥራው ሄደ። ግንበኛው እስከ በሩ ተከተላቸው። “እህቴ፣ ውለታሽን...”

“እህትህ አይደለሁም” አለችው። “ሂድ፣ ሲሚንቶው ይደርቅብሃል።”

ከዚያ በኋላ ከቤት እየወጣች ሥራ ስታጠያይቅ ሰነበተች። ከከተማው ሌላ ጫፍ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተሠራ እንደሆነ፣ ሴራሚክ የሚለጥፍ ሰው ጠፍቶም ሥራው እንደቆመ ሰማች። ዕቃዋን በቦርሳ ይዛ ሄደች። የበሩ ዘበኛ መታወቂያዋን አገላብጦ አየና መለሰላት።

“የዚህ ሰፈር ሰው አይደለሽም እኮ” አላት። ከዚያ ሰው ነውና አዘነላት፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እዚህ አካባቢ ዘመድ የለሽም? አንድ ባለቤት መጥቶ የቤቴ ሰው ናት ካለ እኮ በቂ ነው።”

ምነው ባልሰማሁት ብላ አጥሩን ተከትላ ቁልቁል ወረደች። ከሳይቱ ማዶ አንዲት አሮጊት ከባልዲ ውሃ እየረጩ የደጃፋቸውን አቧራ ያበርዳሉ። ልታልፋቸው ነበር። አላለፈቻቸውም።

“እማማ፣ እንደምን ዋሉ?”

ምን ምን እንዳለች በኋላ በደንብ ትዝ አላላትም። ሙያ እንዳላት፣ እንደማታስቸግራቸው፣ የሚፈለገው አንድ ቃል ብቻ እንደሆነ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ያሳፍራል፣ ግን ይወጣል። ግንበኛውም አባቷ ፊት ቆሞ የነበረው እንዲህ ነው።

ሴትየዋ እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰሟት። ባልዲውን መሬት አስቀመጡ።

“ታሳዝኚኛለሽ ልጄ” አሉ። “ግን እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። ነገ መጥታ ቦታዬ የታለ ብትለኝ ምን እላታለሁ?”

አባቷ ማለት የነበረባቸው ይኼንኑ ነበር፤ በዚሁ ቃል፣ በዚሁ ለስላሳ ድምፅ።

“ልክ ነዎት” አለቻቸው።

ልክ መሆናቸው ነው ያንገበገባት። ሴትየዋ ይሁን ቢሏት ኖሮ እጃቸውን ትስም እንደነበር እያሰበች፣ ንዴቷን ማን ላይ እንደምታራግፈው ሳታውቅ ቦርሳዋን አንግባ ወደ ዋናው መንገድ ወጣች።