ጎደሎው የኡራጓይ መጽሐፍ

ውጭ አገር ታክሲ የሚነዳው እንዳሻው የኡራጓይን አጫጭር ታሪኮች ወደ አማርኛ የመለሰው በአንዲት ተሳፋሪው ምክንያት ነው። ወይዘሮ ሚርታ እሱ ባለበት ከተማ ዳር፣ ሌክውድ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ የሞንቴቪዴዮ ሰው ናቸው፤ ድሮ አስተማሪ ነበሩ። ለኩላሊት እጥበት ሲያመላልሳቸው በእንግሊዝኛ የተተረጎሙትን ያገራቸውን መጻሕፍት ያውሱታል።

«እኛ አገር ስንቱ ደራሲ ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ይጽፋል» አሉት አንድ ቀን። «በገዛ ገንዘቡ ጥቂት ያሳትምና ለወዳጆቹ ያድላል። ከዚያ አንድ ሰው አንብቦ እስኪያናግረው ይጠብቃል።»

እንዳሻውም ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ እየተረጎመ ዓመታት ፈጀ፤ አዲስ አበባም አሳተመው። እዚያው በሚኖርበት ከተማ፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በተደረገው ምረቃ ሰው አዳራሹን ሞላው። ያገራችን ሰው በመምጣት አይታማም፤ ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለመጽሐፍም ይመጣል። ገዛ፣ ፎቶ ተነሣ፣ አጨበጨበ። ከታዳሚው ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ፍቅረሥላሴ «በተለይ አጨራረሱ!» ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ።

በማግስቱ እንዳሻው የራሱን ቅጂ እስከ መጨረሻው ገለጠ። በመጨረሻው ታሪክ ሰውዬው ከስንት ዘመን ኩርፊያ በኋላ የእህቱን በር ያንኳኳል፤ እዚያው ላይ መጽሐፉ አለቀ። ማተሚያ ቤቱ የቀሩትን ገጾች ዘሏቸዋል። ካርቶኖቹን ሁሉ ከፈተ፤ ሁሉም ያው ነው።

ለሁሉም ደውሎ ይቅርታ ሊጠይቅ ስልኩን አነሣ። ግን ተወው። ያነበበ ሰው ራሱ ይደውላል፤ «በሩን ማን ከፈተለት?» ይለኛል አለ።

ማንም አልደወለም። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙት «ግሩም ሥራ ነው!» ይሉታል። ጓደኛው ምናሉማ «ሁለተኛውን መቼ ሪሊዝ ታደርጋለህ?» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። ወይዘሮ ሚርታ ደግሞ አማርኛ አያነቡም። «አናጋሪ አገኘህ?» ሲሉት «አዎ» ብሎ ዋሸ። 

አንድ ተስፋ ነበረችው፤ ሚስቱ ፀዳል። ለሥራ በወጣች ቁጥር መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። እያነበበች ነው፣ ገና አልደረሰችበትም እያለ ራሱን አጽናና። አንድ እሑድ፣ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ባለው ቤታቸው ምሳ ሲበሉ፣ አላስችል አለው።

«ፀዱ፣ መጽሐፉን ጨረስሽው?»

«ውይ፣ ጨረስኩት እንጂ! ሥራ ቦታ፣ የዕረፍት ብሬክ ላይ ሆኜ።»

«የመጨረሻውንም ታሪክ?»

ፀዳል ወጡን ወደሱ አስጠጋችለት። «አጨራረሱማ አስለቀሰኝ» አለችው፤ እጁንም ያዝ አደረገችው።

እንዳሻው ሊቆጣ ፈልጎ አልሆነለትም። እንደምትወደው ያውቃል፤ ውሸቷም ከዚያው ፍቅር የመጣ ነው። ዓለም ሁሉ ባያነብለት እንኳ እንዲህ ብቻውን የቀረ አይመስለውም ነበር።

«እኔንም አስለቅሶኛል» አላት።