ካሜራውን አትዩ

የውብዳር ፊልም መሥራት ልማር ብላ ስትመዘገብ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ሳቀባት። «የሚበላ ሳይኖር ሲኒማ!» አሏት። ይሳቁ! እሷ የምትፈልገውን ታውቃለች። ባሏ ተክሉ ሞያሌ ድንበር ላይ «አንቺ ቅደሚ፣ ከኋላሽ እደርሳለሁ» ካላት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አንድ ፎቶ እንኳ የላትም፤ ደርግ ቤታቸውን ሲፈትሽ ጠራርጎ ወስዶታል። መልኩ እየጠፋባት ነው። ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ታየዋለች፣ ገበያ መሀል ታየዋለች፣ ሮጣ ስትደርስ ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቃታል። ቢመጣ ውጭ እንዳይቆም ብላ ማታ በሯን አትቀረቅርም። ታዲያ በካሜራ ቀዳዳ ስታይ ልቧ ይረጋል፤ አንድ ቀን እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ብቅ ይላል ብላ ታምናለች። ምን ታድርግ፣ ተስፋ ያላት ሴት ናት!

ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በቸርች አዳራሽ ነበር። አስተማሪው ኦቲየኖ የሚባል የናይሮቢ ሰው ነው፤ ምዋሊሙ ይሉታል፣ መምህር ለማለት። ያለችው አንዲት ድምፅ የማትቀዳ ካሜራ ስለሆነች በየተራ ይይዟታል። አንድ ቅዳሜ ምዋሊሙ «ያለ ቃል የሚገባ ታሪክ አምጡ። እናንተ አገር ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ እንዴት ነው የሚነገረው?» ብሎ በሚግባቡበት በስዋሂሊ ጠየቀ።

«በማለዳ ነው!» አለች ጎረቤቷ ፋንቱ፣ አፏ መቼ ያርፋል። «ሽማግሌዎች ዘመድ አስከትለው ይመጣሉ። ያን ሰዓት በርህ ከተንኳኳ ማንም ሳይናገር ይገባሃል።» ከዚያ የውብዳርን አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

ምዋሊሙ በደስታ አጨበጨበ። ጋሽ አለኸኝ፣ የስደተኛው ሁሉ ሽማግሌ፣ ብድግ አሉ።

«እኔ የለሁበትም! በመርዶ አይቀለድም፤ ሟርት ነው» አሉ።

የውብዳር ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! ጨዋታ እኮ ነው። ካሜራውን እኔ እይዛለሁ፤ ፋንቱ ባሏ የሞተባት ትሁን።»

ሽማግሌው ሳይወዱ እሺ አሉ። እሷው ራሷ እየለመነቻቸው ምን ብለው እምቢ ይበሉ?

ፋንቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ምዋሊሙ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፦ «ካሜራውን አትዩ! ካሜራውን ያየ ፊልሙን ገደለው!» የውብዳር አንድ ዓይኗን ጨፍና ካሜራዋን አስነሳች። በሩ ተከፈተና አለኸኝ ሁለት ሰዎች አስከትለው ገቡ። ፋንቱን አልፈው ወደ ካሜራው አዩ።

«አትዩ!» ብሎ ጮኸ ምዋሊሙ። ወጥተው ገቡ፤ ያው አዩ። ደግመው ገቡ፤ ያው ነው። የውብዳር የሚያዩት እሷን ሳይሆን ከኋላዋ የቆመ ሰው መሰላት። ከኋላሽ እደርሳለሁ ብሏት የለ! ዞር ብትል ባዶ ግድግዳ ነው።

«ፊልሙ አለቀ! በቃ፣ የወጣውን እናያለን» አለ ምዋሊሙ ተናዶ።

ፊልሙ ታጥቦ የተመለሰ ዕለት መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደው አንሶላ ወጠሩ። የውብዳር ከፊት ተቀመጠች። አንሶላው ላይ በሩ ተከፈተ። ሦስቱ ሰዎች ከሰው ቁመት በላይ ሆነው ገቡና ቀጥ ብለው አዩዋት። የአለኸኝ ዓይን እንባ ሞልቷል። በቀዳዳዋ ስታይ ይህን እንባ አላየችም ነበር። አሁንም ዞር አለች። ከኋላዋ ከተቀመጡት አንሶላውን የሚያይ አንድም ሰው የለም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ፋንቱ ነጠላዋን ነክሳለች።

«ተክሉ ነው?» አለች የውብዳር።

«ልጄ፣ ዘመድ እስኪደርስልሽ ብለን ነው» አሉ አለኸኝ። «ያለ ዘመድ መርዶ ይነገራል? አጎትሽ ይመጣል ሲሉን ጠበቅን፣ እሱም መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ በምን አፋችን...»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት! የእነዚህ ሰዎች ዝምታ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

«እዚህ እንዳትነግሩኝ!» አለች።

ምዋሊሙ አማርኛ አይገባውም። «አይዟችሁ፣ የተበላሸ ነገር ይታረማል። እንደገና እንሠራዋለን» አላቸው።

«አዎ፣ እንደገና ይሠራል» አለች የውብዳር። ወደ አለኸኝ ዞረች። «ነገ ማለዳ ቤቴ ኑ። በወጉ አርዱኝ።»

ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሯን ቀረቀረች። እንዲያንኳኩ ነው።

ጎህ ሲቀድ ተንኳኳ። ከፈተች። አለኸኝ ከፊት፣ ፋንቱ ከጎናቸው፣ ከኋላ ሰፈሩ በሙሉ። ሰው ነግሮት ይሆናል፣ ምዋሊሙም ያለ ካሜራ ባዶ እጁን መጥቶ ጥግ ይዟል። ዛሬ ግን ማንም አያያትም፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ነው።

«ጋሼ፣ አሁን እዩኝ» አለች።

ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ በተሻገርሽ ማግስት ነው፣ ልጄ» አሉ።

ያኔ ጮኸች።